ለሃይሩፍ ብዙ፣ ለኮስተር ጥቂት

የእኛ ዕቁብ አሥራ ስምንት ሰው ነው። የአሥራ ስምንትን ክፋት የሚያውቀው መኪና በኮንትራት ለመያዝ የሞከረ ብቻ ነው። ለአንድ ሃይሩፍ ይበዛል፣ ለኮስተር ያንሳል። ሁለት ሃይሩፍ እንያዝ ሲባል "ባዶ ወንበር ሽርሽር ልንወስድ ነው?" የሚል ይነሳል። ኮስተር ይሁን ሲባል ደግሞ ትርፉን ወንበር ለመሙላት እያንዳንዱ "አንድ ሰው ብቻ" ይጨምርና በማግስቱ ሠላሳ ስድስት እንሆናለን። ሠላሳ ስድስት ለኮስተር ይበዛል፣ ለአውቶቡስ ያንሳል።

ከጥቅምት 2013 ጀምሮ በየዓመቱ ከከተማ ወጥተን፣ ተራራ ላይ፣ አደይ አበባን በሜዳዋ ለማየት እናቅዳለን። እስከ ዛሬ የሄድነው አንድ ጊዜ ነው። እሱም ሄድን ከተባለ።

እኔ አበባ ነጋዴ ነኝ፤ የፕላስቲክ። ሱቄ ከራጉኤል ቤተክርስቲያን ወረድ ብሎ ካሉት መደዳዎች በአንዱ ነው፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ጽጌረዳው፣ ሱፉ፣ ስሙን የማላውቀው ሐምራዊ ነገር ሁሉ ከቻይና፣ ከኢዉ፣ በካርቶን ታምቆ ይመጣል። ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ "አደይ" እየተባለ የሚሸጥ ቢጫ አለ። የሠራው ሰው አደይን በዓይኑ አላያትም፤ ቅጠሏን እንደ ሰላጣ አስፍቶ መሃሏን እንደ ሱፍ አጥቁሮታል። ደንበኛም አይመራመርም። "አደይ አለ?" ይላል፣ ቢጫውን አሳየዋለሁ፣ "ደርዘኑ ስንት?" ይላል፣ አለቀ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሰላሌ የመጡ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ጌጥ ሊገዙ ገብተው ያንን ቢጫ በሁለት ጣታቸው ያዙና አገላብጠው አዩት። "ይሄ ደሞ ምንድን ነው ልጄ?" አሉኝ። "አደይ ነው እማማ" አልኳቸው። ምንም አልተናገሩም። ቀስ አድርገው ካርቶኑ ላይ መልሰው አስቀመጡት፤ ሕፃን እንደሚያስተኙ። ከዚያ በኋላ ያንን ካርቶን በከፈትኩ ቁጥር እጄ ያፍራል። የጉዞውን ሐሳብ ዕቁቡ ላይ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው ማለት ነው።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ ለሁሉም ነገር ተራ አውጥታለች። በርበሬው ተራ አለው፣ ቆርቆሮው ተራ አለው፣ ሸራው ተራ አለው፣ የተጣለ ጣሳና የወለቀ የበር እጀታ እንኳ ምናለሽ ተራ ቤት አለው። አደይ ግን ተራ የላትም። በጳጉሜ ማብቂያ ከችቦውና ከቄጤማው ጋር በሰው ጀርባ ትመጣለች፤ ከሥሯ ተነቅላ፣ በገመድ ታስራ። ጠዋት አምራ የነበረችው ከቀትር በኋላ አንገቷን ትደፋለች፤ ማታ በጋሪ ጎማ ተደፍጥጣ አስፋልት ላይ ቢጫ ጭቃ ትሆናለች። የእኛ የመርካቶ ሰዎች የአደይ ዕውቀት እዚያ ላይ ያበቃል።

ቀኑን መቁረጥ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው መከራ። ለእንቁጣጣሽ አይሆንም፤ በደጋው መስከረም 1 ቀን ዝናቡ ገና አልወጣም፣ አደይም ብዙዋ እንቡጥ ናት። ደግሞስ ለእንቁጣጣሽ ሱቁን ዘግቶ የሚሄድ ነጋዴ የት አለ? የምትደምቀው ወደ መስቀል ነው። ለመስቀል ደግሞ ከዕቁቡ ግማሹ የለም። የጉራጌ ሰው ለመስቀል አገሩ ካልገባ ከሞተ ይቆጠራል፤ ወልቂጤው ወደ ወልቂጤ፣ ቡታጅራው ወደ ቡታጅራ፣ እምድብሩ ወደ እምድብር ይነሳል፤ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ የልጆቹ ልብስ በየመኪናው ጣሪያ ላይ ይከመራል። ያን ሰሞን መርካቶ ውስጥ ኳስ መጫወት ይቻላል። ግፉ የዓመቱን ብቸኛ ዕረፍት ባገኘንበት በዚያው ሳምንት መኪና የሚባል ነገር ሁሉ ደቡብ መውረዱ ነው። የቀረው ሹፌር ስልክ አንስቶ የሚጠራውን ዋጋ ብነግራችሁ ዋሸ ትሉኛላችሁ።

ከመስቀል ቀጥሎ ያለው ቅዳሜና እሁድ ኢሬቻ ነው፤ መንገዱ ይዘጋል፣ መኪናውም ቀድሞ ተይዟል። ከዚያ መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ይገባል። ቤተክርስቲያን እስከ ኅዳር 5 ያለውን አርባ ቀን የሰጠችው ለአበባ ነው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። ከእኛ መካከል አራቱ ማኅሌት አይቀርባቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ስለ አበባ ሲያዜም ያደረ ሰው እሁድ ጠዋት አበባ እንይ ቢሉት ዓይኑ አይከፈትም። ስለዚህ "እነሱ እንዲተኙ ከሰዓት እንነሳ" ይባላል፤ ከሰዓት ከተነሳን ደግሞ ደርሶ መልስ አይሆንም። ጥቅምት ሲጋመስ ሜዳው መሳሳት ይጀምራል። እንዲህ እየቀነስን ስንመጣ ከዓመቱ 52 እሁድ ለእኛ የምትተርፈው አንዲት እሁድ፣ ቢበዛ ሁለት ናት። በእሷም ላይ የሰው ሠርግ አይጠፋም።

(ወቅቱን "ጸደይ" ብዬ የጠራሁት እንደሆነ ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈው ባለ ሚስማሩ ሚዛኑን አስቀምጦ ይመጣል። "መጸው ነው! ጸደይ መጋቢት 26 ነው የሚገባው፤ ሰኔ 25 ነው የሚወጣው!" ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን በየዓመቱ ይህንን ለማስረዳት የሚፈጅብን ግማሽ ሰዓት ከስብሰባው ላይ ነው የሚቀነሰው።)

ቨርጂኒያ ያለችው የእህቴ ልጅ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ፎቶ ትልካለች። ሸናንዶዋ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አላቸው፤ በተራራው ጀርባ ላይ ስካይላይን ድራይቭ የሚሉት 169 ኪሎ ሜትር መንገድ ተዘርግቷል። በዲሲ ዙሪያ ያለው ሐበሻ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ማብቂያ ልጆቹን ጭኖ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዞ፣ ቀይና ቢጫ የሆነ ቅጠል ሊያይ ይወጣል። አንድ ጊዜ እናቴ ስልኩን ተቀብላ "ቅጠል ልታዪ? ምን ሆነሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ "ሊረግፍ ሲል ነው እኮ የሚያምረው፣ እማማ" አለች። "እንግዲያ ለቅሶ ደርሼ መጣሁ በይኛ" አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

የእህቴ ልጅ ስታስረዳኝ፣ እዚያ ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲገባ ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም ያፈርሰዋል፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የከረመው ቢጫ ያኔ ይወጣል። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ተቀምጠን ቀናችን ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም፤ ጥዱም፣ ወይራውም፣ ባሕር ዛፉም ዓመቱን ሙሉ እንደለበሰ ነው። የእኛ ቢጫ ከመሬት ነው የሚወጣው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። እነሱ ቅጠሉ የትኛው ሳምንት፣ የትኛው ተራራ ላይ እንደሚደምቅ የሚያሳይ ካርታ በየዓመቱ ይወጣላቸዋል። እኔ የአደይን ወሬ የምጠይቀው ከሱሉልታ ወተት የሚያመጣውን ልጅ ነው። "ወጥታለች?" እለዋለሁ። "እሷማ አለች" ይለኛል። ትናንትም አለች፣ በሐምሌም ብጠይቀው አለች። የእህቴ ልጅም ታማርራለች፤ የፓርኩ በር ላይ የመኪና ሰልፍ ሁለት ሰዓት አቆመኝ ትላለች። ታማርር። እሷ ግን ትደርሳለች።

ቦታ ስንመርጥ ደግሞ ጉድ ነው። ባለ ክሩ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከስሜን ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ፣ ዋልያው፣ ጭላዳው፣ ጅብራው፣ ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ራስ ዳሽን... ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል፤ ከምድር ቤት ሱቁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው መጋዘኑ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ የሚተነፍሰውም ሰው ሳይቀር። ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "መንገዱስ እንዴት ነው?" ይላል። ይህቺ ጥያቄ ስትነሳ ዝም ይባላል። ቡና የሚቀዳው ይቀዳል፣ ስልኩን የሚነካካው ይነካካል፤ አገራቸው በዚያ በኩል የሆነ ሁለት ሰዎች ደግሞ መሬት መሬት ያያሉ። ከዚያ ሌላ ቦታ ይጠራል።

ወንጪ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ነው ብሎታል፤ ሐይቁም ተራራውም አንድ ላይ ነው። "ሩቅ ነው፣ ማደር ይጠይቃል" ይባላል፤ ማደር ከተባለ ደግሞ ሚስቶች ይጠየቃሉ። መናገሻ ሱባ ይባላል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉት የሚባለው ደን ነው፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባው መንገድ ግን ክረምት እንደወጣ ጭቃው መኪና ይውጣል፣ አደይም ብትሆን ከጥድ ሥር አትኖርም፤ ገላጣ ትወዳለች። እንጦጦ ይባላል። "እንጦጦማ ሁልጊዜ አለ" ይባላል፤ ሁልጊዜ ስላለም አንድም ቀን አንሄድም። ዝቋላ ይባላል። ጥቅምት 5 የአቦ ንግሥ ነው፣ ተራራውም 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ አናቱ ላይ ሐይቅ የቋጠረ፣ ከአደይ ጋር የሚገጥም። ሁሉም ወደ ሐጂ ያያል። ሐጂ የዕቁባችን ዳኛ ናቸው፤ "እናንተ ተሳለሙ፣ እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ" ይላሉ እየሳቁ። እሳቸው እንዲህ ሲሉ የሚያፍረው ሌላው ነው፤ ዝቋላም ትቀራለች።

ሱሉልታ የተመረጠችው በዚህ መንገድ ነው። ማንም አልወደዳትም፤ ስለዚህ ማንንም አላስከፋችም።

ምግቡን ባነሳው ይሻላል። ሐጂና አራት ሌሎች የክርስቲያን ሥጋ አይበሉም፣ ክርስቲያኖቹ የሙስሊም ሥጋ አይበሉም፤ ይህ ከአባቶቻችን ጀምሮ የነበረ ነው፣ ሁለት ድስት ነው፣ ጣጣ የለውም። ጣጣው ጽጌ ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ስለሆነ ማን እንደያዘው አይታወቅም። ባለፈው ሳምንት ከእኔ ጋር ጥብስ የበላ ሰው ድንገት "እኔ ጽጌን እጾማለሁ" ይላል። ሦስተኛ ድስት። አንድ ብልህ "ለምን ሁላችንም በየዓይነቱ አንበላም? ማንም አይከለክለውም" አለ። የሚያጨበጭቡለት መስሎኝ ነበር። ባለ ብርድ ልብሱ ግን ከመስቀል የተመለሰው ገና በሳምንቱ ነው፣ ክትፎው ከአፉ አልጠፋም፤ "ሽሮ ለመብላት ተራራ አልወጣም፣ ሽሮ ቤቴም አለ" አለ። ሽሮ ቤቱ እንዳለማ ሁላችንም እናውቃለን። እንዲህ እየተባባልን ከስብሰባው ተነሳን፤ በመጨረሻ ያበላን መንገድ ዳር የገዛነው ዳቦና ሙዝ ነው።

መዋጮውንስ? ዕቁብ ላይ እኮ ሰው ልጁን አሞበት እንኳ አንድ ሳምንት አያጎድልም። ጸሐፊው በር ላይ ሲቆም ብሩ ተቆጥሮ ይጠብቀዋል፤ ዕጣ የደረሰው ዋስ ጠርቶ ነው የሚወስደው፤ የመርካቶ ሰው ቃሉ ቼክ ነው። ያው ጸሐፊ፣ ያው በር ላይ፣ "የጉዞ" ብሎ ሲቆም ግን ሰዉ ሁሉ ሌላ ፍጡር ይሆናል። "ነገ"፣ "በቴሌብር እልክልሃለሁ"፣ "እኔ እንኳ እንጃ፣ ሚስቴን ላናግራት"። ሦስት መቶ ብር ነው! በቀን የስንት መቶ ሺህ ዕቃ በአፍ ቃል የሚሸጥ ሰው ሦስት መቶ ብር ላይ ሚስቱን ያማክራል። ዕቁብ ላይ ቢቀር ስሙ ይጠፋል፤ አበባ ላይ ቢቀር ማን ይጠይቀዋል?

አሁን ሄድን ወደምላት ቀን ልምጣ። ጥቅምት 2016፣ እሁድ። ቀጠሮ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አውቶቡስ ተራ በር ላይ። ሐጂ ሱብሒ ሰግደው ከ12 ሰዓት በፊት ደርሰው ነበር። እኔ 12 ከሩብ። አንድ ሰዓት ላይ ስድስት ሆንን። የቀሩት ሁሉ "እየመጣሁ ነው" ናቸው። "እየመጣሁ ነው" ማለት ካልሲ እየፈለግሁ ነው ማለት ነው፤ "ደርሻለሁ" ማለት ከቤት ወጣሁ ማለት ነው፤ "የት ናችሁ?" ብሎ የተቆጣ እንደሆነ ታክሲ ገብቷል። ሹፌራችን ደግሞ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ነበር። ያን ሰው በየሩብ ሰዓቱ ስንደውልለት "ከፊቴ ሦስት መኪና አለ" ይለናል፤ ሦስቱ መኪና አንድ ሰዓት ተኩል አልተንቀሳቀሱም። ከአውቶቡስ ተራ ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ የሚሄድ ሕዝብ ሻንጣውን ተሸክሞ አጠገባችን ሲያልፍ፣ እኛ ሱሉልታ ለመሄድ ሦስት ሰዓት ተኩል ቆመን ነበር። በዚያው ሌሊት ከሆለታ የተቆረጠ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ተጭኖ አምስተርዳም ደርሶ ይሆናል። የአገሬ አበባ ሆላንድ ሲገባ የአገሬ ነጋዴ ከመርካቶ አልወጣም።

ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለው ዳገት ላይ ሲኖትራኩ ተሰልፏል። መስኮት ይከፈት፣ ጭስ ገባ፤ መስኮት ይዘጋ፣ ሙቀት ገደለን። ወንበር ስለጠበበ በርጩማ ተጨምሯል፤ በርጩማው ላይ እኔ ነኝ፤ ሐሳቡን ያመጣሁ ሰው በርጩማ ላይ እንድቀመጥ በድምፅ ብልጫ ተወስኖ ነበር።

ሱሉልታ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ልጅ ሆኜ አባቴ ወደ ፍቼ ይዞኝ ሲሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሜዳ በሙሉ ቢጫ ምንጣፍ ነበር፤ ዓይኔ ስር አለ። አሁን ከመንገዱ ዳር መጀመሪያ የሚታየው አጥር ነው፤ የቆርቆሮ አጥር፣ የግንብ አጥር፣ ውስጡ ምን እንዳለ የማይታወቅ አጥር። እልፍ ብለን፣ እልፍ ብለን፣ ሹፌሩ "ከዚህ በላይ ኮንትራቱ ውስጥ የለም" እስኪል ሄደን፣ አንድ ገላጣ አገኘንና ወረድን።

ያቺን ሃያ ደቂቃ አልክዳትም። አደይ ከወገቤ በታች ቆማ ነበር፤ እንደ ፕላስቲኳ ቀጥ ያለች አይደለችም፣ ትንሽ ነፋስ ሲመጣ ሜዳው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ግንዷ ቀጭን፣ ቅጠሏ የተሰነጣጠቀና ጠባብ፣ መሃሏ ጥቁር ሳይሆን ራሱ ቢጫ፣ ዱቄት የነሰነሱበት። ጎንበስ ብዬ አንዷን ስነካ ጣቴ ቢጫ ሆነ። ንቡ ደግሞ ሥራ ላይ ነው፤ ከአንዷ ተነስቶ ወደ ሌላዋ፤ ከመርካቶ ደላላ በቀር እንዲህ የሚዘዋወር አላየሁም። ያን ሁሉ ዓመት የሸጥኩት ነገር ከዚህ ጋር ምንም እንደማይመሳሰል ገባኝ፤ እናትየዋ ለምን ዝም እንዳሉም።

በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ። የአዳማ ደንበኛዬ ነው። "ቀዩ ጽጌረዳ ሃያ ደርዘን፣ ነጩ አሥር፣ ደግሞ ያ ቢጫው አለ አይደል?" አለኝ። "አለ" አልኩት፣ አደይ ውስጥ ቆሜ። ቀና ስል ሌላውም እንደኔ ነው። ባለ ሚስማሩ ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ ስለ ስምንት ቁጥር ሚስማር ይጮኻል፤ ባለ ጎማው ሲግናል ፍለጋ ጉብታ ላይ ወጥቷል፤ ባለ ብርድ ልብሱ ሱቅ የተወውን ልጅ "ከሺህ በታች እንዳትነካ!" እያለ ነው። ሐጂ ብቻ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያያሉ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ለቪዲዮ የመጡ ወጣቶች ሜዳው መሃል እየተንከባለሉ ነው፤ ሲነሱ የተኙበት ቦታ እንደ ተሰበረ አልጋ ጎድጉዶ ይቀራል።

ከዚያ የሜዳው ባለቤት ልጆች መጡ፤ ሦስት ናቸው፣ ትልቁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ለፎቶ ክፈሉ አሉን። አልተቀየምኩም፣ ግቢያቸው ነው። የገረመኝ አሥራ ስምንት የመርካቶ ነጋዴ ተሰብስቦ ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር ዋጋ መከራከሩ ነው። "ለሁላችን አንድ ላይ ስንት?" "በጅምላስ?" ልጁ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ሐጂ ከኪሳቸው አውጥተው ከፈሉ፤ ልጁን "አንተ መርካቶ ና፣ ሱቅ እሰጥሃለሁ" አሉት።

ከዚያ ዘነበ። በጥቅምት! እየሮጥን መኪና ገባን። በግራም በቀኝም የሰዉ ሱሪ ላይ ጥቁር መርፌ መርፌ የሚያህል ፍሬ ተሰክቷል፤ የሰይጣን መርፌ የሚሉት ነው፣ ሰዉ ጨጎጊት ይለዋል። የአደይ የቅርብ ዘመድ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት። የዘር ነገር ይገርማል፤ አንዷ ዓይን ትሞላለች፣ ሌላው ካልሲ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላል። ሚስቴ ሦስት ቀን ስትለቅም "አበባ ልታይ ሄደህ ይሄን ነው ያመጣኸው?" አለችኝ።

በ2017 እንግዲህ ከስህተታችን ተምረን ነበር። ቀኑን አስቀድመን ቆረጥን፤ እየተገፋ እየተገፋ እሁድ ጥቅምት 17 ላይ ተተከለ። ያን ጊዜ አደይ ከተገኘች ዕድል ነው፣ ግን ቢያንስ ቀን ነበረን። መኪናውም ኮስተር ሆኖ ቀብድ ተከፈለ። የመርካቶ ሰው መሆናችንን ያወቅሁት ግን በካናቴራው ነው። ቦታው፣ ምግቡ፣ ሰዓቱ ገና ሳይወሰን ካናቴራው ተወሰነ። ለካናቴራ አራት ስብሰባ ተቀመጥን። እያንዳንዱ የሚያውቀው ጨርቅ ሻጭ አለው፣ የሚያውቀው አታሚ አለው፣ "እኔ በግማሽ ዋጋ አሠራዋለሁ" የሚል አለ፣ "ያ በግማሽ ዋጋ ያልከው በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል" የሚል አለ። ባለ ክሩ አምርሮ ተከራከረ፤ "ወደድ ይበል እንጂ የእኔ ሰው የሚያትመው ቀለም አይለቅም" ብሎ ተሟግቶ አሸነፈ። ቢጫ ካናቴራ፣ ጀርባው ላይ በጥቁር "አደይ 2017"፣ ከሥሩ "ጥቅምት 17"። አሥራ ስምንት ፍሬ በፌስታል ሆኖ እኔ ሱቅ ተቀመጠ።

ሰኞ ጥቅምት 11 ማታ ሸማ ተራ ነደደ። ስለዚያ ሌሊት አላማርርም፤ የሚማረርበት ነገር አይደለም። ሰው የዕድሜ ልኩን ነው በዓይኑ እያየ ያጣው። ቀይ ሰማይ ሥር ቆመን፣ የሚችል ዕቃ ሲያወጣ፣ የማይችል ሲያለቅስ ነው ያደርነው። የእኛ መደዳ ተረፈ። ለዚያ እሁድ ስለ ጉዞ ያነሳ ሰው የለም፤ የዕቁቡ ዕጣም በሙሉ ድምፅ ለተቃጠለበት ሰው ተላለፈ፣ ያለ ዋስ። የኮስተሩ ሹፌር ግን ቀብዱን አልመለሰም። ጉዳያችንን ብናስረዳውም "እኔ መኪናዬን አቁሜያለሁ" አለን። እሱንም ተውነው።

ዘንድሮስ? ዘንድሮ 2018 እሳትም የለ፣ ምንም የለ፤ ዝም ብለን ነው የቀረነው። ቴሌግራም ላይ "አደይ 2018" የሚል ግሩፕ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሰው የአበባ ምስል ለጠፈ፣ ሠላሳ ሰው ልብ ሰጠው። ሠላሳ! አሥራ ስምንት ነበርን እኮ። ከዚያ አንዱ የሚሸጥ ቤት ለጠፈ፣ ሌላው የዶላር ምንዛሪ፣ ሌላው የጸሎት ግብዣ። እኔ "መቼ ነው?" ብዬ ብጽፍ ከሁለት ቀን በኋላ አንዱ "አሜን" አለኝ። የትኛውን ለመመለስ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

የከረመው ካናቴራም ስብሰባ አስጠራ። አንዱ "7ን ወደ 8 እንቀይራት" አለ። ሌላው "ቀኑስ?" አለ። ባለ ጎማው "ተሸጦ ቀብዱን ይተካ" አለ፤ ማን ይገዛዋል? ጸሐፊው ክረምቱን ሙሉ "ፌስታሉን አንሳልኝ" እያልኩት "ነገ" አለኝ። ሱቄ ውስጥ ቦታ ስለሌለ አንድ ቀን ፌስታሉን ከፍቼ ደጄ ላይ ለሚያርፉት ተሸካሚ ልጆች አደልኩት። ማንንም አላስፈቀድኩም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ያ የለመድነው ጩኸት መጣ፤ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" ሦስት ቦንዳ የተሸከመ ልጅ ነው፣ ፊቱ አይታይም፣ ከቦንዳው ሥር የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ቢጫ ነው። "አደይ 2017፣ ጥቅምት 17" ይላል፣ በላብ ርሶ። ሰዉን እየሰነጠቀ ወደ ሚሊተሪ ተራ አለፈ። ባለ ክሩ ከሱቁ አንገቱን አውጥቶ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኑ ሸኘውና ወደ እኔ ዞረ።

"አላልኳችሁም?" አለኝ። "ይኸው ሸክም ሥር ውሎ እንኳ፣ ቀለሙ አልለቀቀም።"